ዩራነስና ኔፕቲዩን የጁፒተር ታናናሾች አይደሉም

ክቡር አዘጋጅ፣

የእሁድ እትማችሁን የልጆች ገጽ ክፍል ይዤ እገባለሁ። ሳይንስን ልጅ በሚገባው አማርኛ የሚያቀርብ ጋዜጣ እንደልብ አይገኝምና ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፈው እሁድ በወጣው የፕላኔቶች ሥዕል ላይ ግን መታረም ያለበት ነገር አለ። ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስና ኔፕቲዩን አራቱም «የጋዝ ፕላኔቶች» ተብለው በአንድ ሳጥን ገብተዋል። እዚህ አራት ኪሎ መንገድ ዳር የሚሸጡት የግድግዳ ሥዕሎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ልጆቹም እንዲሁ ይሸመድዱታል።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሌላ ወገን ናቸው። የበረዶ ግዙፎች ይባላሉ።

ጁፒተርና ሳተርን በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ናቸው። ዩራነስና ኔፕቲዩን ላይ ግን እነዚህ ጋዞች በብዛት የሚገኙት በውጭኛው ሽፋን ነው። ከሥር ያለው አብዛኛው አካላቸው ውሃ፣ አሞኒያ፣ ሜቴንና ዐለት እንደሆነ ይታመናል። ስማቸው የመጣው ሳይንቲስቶች ውሃን፣ አሞኒያንና ሜቴንን «በረዶ» ብለው ስለሚጠሩ ነው። ታዲያ ውስጣቸው የቀዘቀዘ እንዳይመስላችሁ። ደመናቸው አካባቢ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 200 ዲግሪ ይደርሳል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሙቀቱ በሺዎች ዲግሪ ይቆጠራል። ያ ሁሉ ውሃ በከባድ ግፊት ታምቆ የጋለ ፈሳሽ ነው።

ቁጥሮቹም ይመሰክራሉ። ጁፒተር የመሬትን 318 እጥፍ፣ ሳተርን 95 እጥፍ ቁስ ይዘዋል። ዩራነስ ላይ ሲደረስ ወደ 14.5 ይወርዳል። ኔፕቲዩን 17 ነው። ከሳተርን ወደ ዩራነስ ከስድስት እጥፍ በላይ መውረድ ማለት ነው! እፍግታቸውን ደግሞ እዩት። ሳተርን ከውሃ ይቀላል። ኔፕቲዩን ግን ከውሃ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያይላል። በአብዛኛው ከሃይድሮጅን የተሠራ ቢሆን፣ በዚያ መጠኑ እንዲህ አይከብድም ነበር።

ለምን እንዲህ ሆኑ? ብዙ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት መልስ ከርቀታቸው ጋር የተያያዘ ነው። ለተማሪዎቼ በሰፈራችን መንገድ ነው የማስረዳቸው። ፀሐይን አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ እናስቀምጣት። መሬት 100 ሜትር ላይ ትሁን። ያኔ ጁፒተር ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሳተርን አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይሆናሉ። ዩራነስ 1.9 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዶ ሒልተን አካባቢ ይገኛል። ኔፕቲዩን 3 ኪሎ ሜትር ላይ፣ መስቀል አደባባይ ግድም። በዚያ ርቀት ፕላኔት የሚሠራበት ቁስ የሳሳ ነው፤ ፀሐይን የሚዞሩበት መንገድም ረጅም ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቀስ ብለው አደጉ። ብዙ ጋዝ ለመሳብ የሚያስችል አቅም ሳያገኙ በወጣቷ ፀሐይ ዙሪያ የነበረው ጋዝ በኖ አለቀ።

እርስ በርሳቸውም አንድ አይደሉም። ዩራነስ በጎኑ ተጋድሞ ነው ፀሐይን የሚዞረው፤ ዛቢያው፣ ማለትም በራሱ ላይ የሚሽከረከርበት መስመር፣ 98 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ኔፕቲዩን ከፀሐይ ከሚያገኘው ሙቀት ከሁለት እጥፍ በላይ መልሶ ያወጣል። ከዩራነስ ውስጥ የሚወጣው ግን በጣም ትንሽ ነው። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው መግነጢሳዊ መስካቸው ነው። የጁፒተሩ ከዛቢያው 10 ዲግሪ ገደማ፣ የሳተርኑ ከ1 ዲግሪ በታች ነው የሚያዘነብለው። የዩራነስ 59፣ የኔፕቲዩን ደግሞ 47 ዲግሪ!

ሁለቱን የበረዶ ግዙፎች ከቅርብ ያየልን አንድ መንኮራኩር ብቻ ነው፤ ቮየጀር 2። ዩራነስን በጥር 1978 ዓ.ም፣ ኔፕቲዩንን በነሐሴ 1981 ዓ.ም አልፏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ የተመለሰ የለም። በ2014 ዓ.ም የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎች ቀጣዩ ትልቅ ተልዕኮ ወደ ዩራነስ ይሁን ብለው መክረዋል። ነገሩ ለጥቂት ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ በብዛት ከተገኙት ፕላኔቶች መካከል መጠናቸው ከመሬት በልጦ ከኔፕቲዩን የሚያንሱት ይገኙበታል። እነዚያን ለመረዳት ቅርባችን ያሉን ምሳሌዎች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ልጆቻችን የጁፒተር ጭራ አድርገው ከተማሯቸው ይህን ሁሉ ያጡታል።

ስለዚህ ሥዕሉ በሦስት ሳጥን ተከፍሎ እንደገና ይውጣ። ዐለታማዎቹ አራቱ፣ የጋዝ ግዙፎቹ ሁለቱ፣ የበረዶ ግዙፎቹ ሁለቱ። እግረ መንገዳችሁን ቀለሙንም አስተካክሉልን። ኔፕቲዩንን ጥቁር ሰማያዊ አድርጋችሁታል። ያ ቀለም የቮየጀር ፎቶዎች ዝርዝሩ እንዲጎላ ሲባል ከተሠሩበት መንገድ የመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ሁለቱም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የነካው ሰማያዊ ናቸው፤ ኔፕቲዩን ሰማያዊነቱ በትንሹ ይበልጣል። የታረመው ሥዕል ሲወጣ ክፍላችን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህር፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ