ጠለፋው ላይ ለዓሣውም መንገድ ይተውለት፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል መስኖና ቆላማ አካባቢ ልማት ቢሮ
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው የወንዝ ጠለፋ (የወንዝን ውሃ ወደ መስኖ ቦይ የሚመልሰው ዝቅ ያለ ግድብ) ይቅር ለማለት አይደለም። በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ የወሎ ገበሬ ያለ ወንዝ ጠለፋ እንደማይሆንለት አውቃለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ በሚሠሩትና በሚጠገኑት ጠለፋዎች ላይ የዓሣ መተላለፊያ ከዲዛይኑ ጀምሮ ይግባ።

ሐምሌ ላይ፣ ከኮምቦልቻ በታች ካለ አንድ የሲሚንቶ ጠለፋ ሥር ቆሜ አይቻለሁ። ጎርፉ ጋብ ብሎ ነበር። ነጭ ዓሣው ከታች እየተንደረደረ መጥቶ ግድግዳው ላይ ይወረወራል። ከሥር ያለው የሲሚንቶ ወለል ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም። ዓሣ ለመዝለል ጥልቀት ይፈልጋል። ጭራውን የሚመታበት ውሃ ከሌለ ጉልበቱ ከንቱ ነው። ሆዱ ተልጦ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሞክራል። ወጣቶቹ በአጎበር ያፍሱታል። እነሱን አልወቅስም። ግን ሆዱ ሲከፈት እንቁላል ሞልቶታል።

ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ሽቅብ የሚወጣው እንቁላሉን ንጹሕ ጠጠር ላይ፣ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ለመጣል ነው። የጣናዎቹ ለዚሁ ሲሉ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ይወጣሉ። የእኛዎቹ የወሎ ወንዞች ቦርከና፣ ሚሌና በሽሎም ይኸው ወገን ዓሣ አላቸው። መንገዱ ተዘግቶ ከታች ከቀረ፣ እንቁላሉ ጭቃ ላይ ወድቆ ይታፈናል።

አባቶቻችን በድንጋይ፣ በጭራሮና በአፈር የሚሠሩትን ጠለፋ ጎርፍ በየክረምቱ ጠርጎ ይወስደዋል። ለገበሬው ድካም ነበር። ለዓሣው ግን በሩ የሚከፈተው ልክ በሚፈልገው ሰሞን ነበር። ሲሚንቶው ይህን በር ዘጋው።

ደግነቱ ዓሣውና ገበሬው በአብዛኛው አይሻሙም። ዓሣው የሚጓዘው ወንዙ ሞልቶ በሚተርፍበት ወቅት ነው፤ መስኖው ውሃ የሚጠማው በበጋ። ራያ ቆቦ ላይ ጎርፍ በክረምት ስለሚጠለፍ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ሌላ መላ ይፈለጋል።

ዝቅ ላለ ጠለፋ ውድ ነገር አያስፈልግም። አንዱ መላ ከግድቡ ሥር ሻካራ ድንጋይ ደርድሮ ረጋ ያለ ተዳፋት መሥራት ነው። ግድቡ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት 30 ሜትር ያህል ይረዝማል። ዓሣው ከድንጋዮቹ ጀርባ እያረፈ ይወጣል። ቦታ ከጠበበ በጎን በኩል እንደ ደረጃ የተያያዙ ትንንሽ ገንዳዎች ይሠሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ከፍታ ከ20 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

አደራ የምለው መግቢያውን ነው። ዓሣ መንገዱን የሚያገኘው የውሃውን ግፊት ተከትሎ ነው። እስከ ግድግዳው ድረስ ይመጣና እዚያው ሥር ይፈልጋል። መግቢያው ወደ ታች ርቆ ከተከፈተ፣ ከውስጡ የሚወጣውም ውሃ ደካማ ከሆነ፣ ዓሣው ልብ ሳይለው ያልፋል። ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት መተላለፊያ ባዶውን የሚቀረው በዚህ ነው።

መውረዱም አይረሳ። ክረምቱ ሲወጣ ጫጩቶቹ ወደ ታች ይመለሳሉ። የቦዩ አፍ ላይ ወንፊት ከሌለ ተስበው ገብተው ማሳ ላይ ይደርቃሉ።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ባለሙያዎች አሉ፤ ከመሐንዲሶቻችሁ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። በመጪው በጋ፣ ውሃው ሲጎድል፣ ቦርከና ላይ አንድ ጠለፋ መርጣችሁ ሞክሩት። ሐምሌ ላይ ደግሞ ከግድቡ በላይ መረብ ይጣልና ያለፈው ዓሣ ይቆጠር። ከሠራ ለሚቀጥሉት ጠለፋዎች ሁሉ የዲዛይን ግዴታ ይሁን።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

የወሎ ነዋሪ