ምዋኒ ወደ ጥልቁ ይውረድ ከማለታችን በፊት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቅርቡ ስለ ዛንዚባር የባህር አረም አምራቾች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ። መደምደሚያው ግን አሳሰበኝ። ባህሩ ስለሞቀ ሴቶቹ ወደ ጥልቁ ይሂዱ ይላል። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ጃምቢያኒ ነው። ጎረቤቶቼ ምዋኒ (የባህር አረሙን እዚህ የምንጠራበት ስም ነው) አምርተው ልጆች ያሳደጉ እናቶች ናቸው።

እዚህ ምዋኒ ለገበያ መመረት የጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ሴቶቹ ባህሩ ሲሸሽ በእግራቸው ገብተው በችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ያስሩታል። ዳር ላይ ውሃው ሲግል ኮቶኒ የሚሉት ዝርያ ይነጣል፣ ይሰባበራል። ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ደግሞ እሱ ነው። ስፒኖሰም የሚባለው ሌላው ዝርያ ሙቀቱን የተሻለ ይችላል፤ ገበያ ላይ ግን ርካሽ ነው። ስለዚህ ከዳር መራቁን አልቃወምም።

ጥያቄው ብርሃኑ ላይ ነው። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ይውጠዋል። አረንጓዴውና ሰማያዊው ወደ ታች ይዘልቃሉ። ሁለቱም ዝርያዎች ከቀይ አልጌ ወገን ናቸው፤ ፋይኮኤሪትሪን የሚባል ቀለም አላቸው። ይህ ቀለም አረንጓዴውን ብርሃን ይዞ ጉልበቱን ለክሎሮፊል ያቀብላል። ብርሃን ሲያንስ ተክሉ ቀለሙን ያበዛል። ለዚህ ነው ዝቅ ብሎ የታሰረው የሚጠቁረው፣ ላይ ያለው የሚገረጣው። ጥቁሩን ያየ ሰው "ተመቸው" ይላል። ነገር ግን የጠቆረው ብርሃን ስላጠረው ነው። ይበልጥ ከወረደ እድገቱ ይዘገያል፤ ገዢ ደግሞ የሚከፍለው ለደረቅ ክብደት እንጂ ለቀለም አይደለም። መገርጣትም ሁሌ ከፀሐይ አይመጣም። ቀለሙ ፕሮቲን ነው። ከውሃው ናይትሮጅን ሲጠፋ ተክሉ የራሱን ቀለም አፍርሶ ይመገባል፤ ያኔ ገመዱን ማውረድ ምንም አይፈይድም።

የባህሩ ጥልቀትና የገመዱ ጥልቀት ለየቅል ናቸው። 4 ሜትር ውሃ ላይ ገመዱን በተንሳፋፊ ይዞ ግማሽ ሜትር ብቻ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ተክሉ ከሚግለው ዳርቻ ይወጣል፣ ብርሃኑንም አያጣም። ስንት ዝቅ ይበል? ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ ወረድ ቢል ይችላል፤ ደለል ካለው ከፍ ይበል።

ታንዛኒያዊቷ ተመራማሪ ዶክተር ፍላወር ምሱያ ከአምራቾቹ ጋር ሆነው ጥልቅ ውሃ ላይ በቱቦ መልክ የተሠራ መረብ ሞክረዋል። መንገዱ አለ ማለት ነው። ግን ብዙዎቹ ሴቶች ዋና አይችሉም፣ ጀልባም የላቸውም። መጀመሪያ ዋና ይማሩ፣ ጀልባ በጋራ ያግኙ። ከዚያ በየመንደሩ እኩል የተመዘነ ዘር (ለተከላ የሚሆን የምዋኒ ቁራጭ) በተለያየ ጥልቀት ይታሰር። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ታጭዶ፣ ደርቆ ይመዘን። ወደ ጉዳዩ ስትመለሱ ይህንንም እንድትጽፉልን እለምናችኋለሁ።

አንዲት አስተማሪ፣ ከጃምቢያኒ፣ ዛንዚባር