ልጄ፣ መጀመሪያ ተኛ

የኔ ጌታ፣

ዛሬ ንጋት ላይ ከአዳር ስትገባ አይቼሃለሁ። አንድ ጫማህን አውልቀህ፣ ሌላውን ሳታወልቅ፣ አልጋህ ጫፍ ላይ ፈዘህ ተቀምጠሃል። ብጠራህም አልሰማኸኝም። የሰው ተራ ደርበህ ሦስተኛ ሌሊትህ ነው። ልቤ ድንግጥ አለ።

ባለፈውም እንዲሁ ነበር የጀመረው። አምስት ወር ሙሉ ጫት አፍህ ሳይገባ ቆይተህ፣ ጥምቀት ሰሞን ባሕር ዳር በእንግዳ ስትጨናነቅ ሆቴሉ አራት ሌሊት በተከታታይ አሳደረህ፤ በአምስተኛው ቀን ጃኬትህን ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ የጫት ገረባ አገኘሁ። ጓደኞችህን ረገምኩ። አንተንም "ወኔ የለህም" አልኩህ። ተሳስቻለሁ ልጄ፣ ይቅር በለኝ። የጣለህ ድካም ነው።

ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። እንቅልፍ ሲጎድል "ተው" የሚለን የፊተኛው የአእምሮ ክፍል ይዳከማል፣ "አምጣ" የሚለው ግን ይብስበታል። ንዴቱም ሆድ መባሱም ይጨምራል። ጫት ደግሞ ሥራው ማንቃት ነው፤ ቆሞ እያንቀላፋ ላለ ሰው፣ ሰውነቱ ራሱ ያንኑ የለመደውን ይጠይቀዋል፣ "ትንሽ ብቻ" እያለ።

ያቆምክ ሰሞን ዱካኩ እንዴት እንዳሰቃየህ አልረሳሁም፣ ላብ አጥምቆህ እየጮህክ ስትነሳ አጠገብህ ነበርኩ። እንቅልፍ ካቆሙ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ላይስተካከል ይችላል። ስለዚህ ተስፋ አትቁረጥ። ለመተኛት ብለህ ግን ቢራ እንዳትነካ፤ ድሮ የጫቱን ምርቃና በጨብሲ፣ በመጠጥ ትሰብር ነበር፣ መጠጥ ቶሎ ያስተኛል እንጂ በኋላ እየቆራረጠ ያባንናል። የዘጌ ቡና እንደምትወድ አውቃለሁ። ቢሆንም ከጠጣኸው አምስት ስድስት ሰዓት ቆይቶም ግማሽ ያህል ኃይሉ ሰውነትህ ውስጥ ነው፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ይቅርብህ።

ለአለቃህ ተራ መደረብ እንደማትችል ንገረው። ብሩ ቢቀንስ ይቀንስ፣ እንጀራ አናጣም። ትልቅ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት፤ አንተ ሦስቱ ቀን ተደምሮ ያን ያህል መተኛትህን እጠራጠራለሁ።

በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮትህን በጋቢ ጋርጄዋለሁ። ልጆቹም ግቢ ውስጥ እንዳይጮሁ ነግሬያቸዋለሁ። ሽሮህ ድስቱ ውስጥ አለ፣ በልተህ ተኛ። አምሮቱ ከመጣብህ ስንት ሰዓትም ይሁን ቀስቅሰኝ፣ እስኪያልፍልህ አብሬህ እቀመጣለሁ።

እናትህ