«ጀልባዎቹ ገቡ»፦ የንባብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የንባብ ክበባችን በዚህ ዓመት ዋና ሥራው ያደረገው ግለ ታሪክ ማንበብን፣ በተለይም የጸሐፊውን አተያይ ከገዛ ቃላቱ ለይቶ ማውጣትን ነው። «ይህ ለፈተና ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼም ከወላጆችም ስለቀረበልኝ መልሱን አስቀድማለሁ፦ በአንብቦ መረዳት ጥያቄዎች ላይ ተማሪዎቻችን የሚሰናከሉት የሆነውን ነገር ሲጠየቁ ሳይሆን፣ ጸሐፊው የሆነውን ነገር እንዴት እንዳየው ሲጠየቁ ነው።

የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ሳምንታዊ ስብሰባዎች በምዝገባና በአጫጭር ምንባቦች አለፉ። ሳልጠቅስ የማላልፈው የልዑል ራስ እምሩን ግለ ታሪክ «ካየሁት ከማስታውሰው»ን ያነሣንበትን ቀን ነው፤ ገና ርዕሱን ሰሌዳ ላይ እንደጻፍሁ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ ያዩትና የሚያስታውሱት አንድ እንዳልሆነ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ በየምንባቡ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ተለመዱ፦ ሰውየው «አለ» ነው ወይስ «አሉ» የተባለው? ወራሪው «ጠላት» ነው ወይስ «ጣልያን»? የሚናገረው ያኔ የነበረው ልጅ ነው ወይስ «ዛሬ ሳስበው» የሚለው አዛውንት?

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ አባላቱን ይዤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የአሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድሁ። መረብ ሲራገፍ፣ ቆሮሶ የሚባለው አሣ ሲገፈፍ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ትርፍራፊውን ሲጠብቁ አይተው እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ጻፉ። ሰኞ ዕለት ስማቸውን ሸፍኜ ጽሑፎቹን አነበብሁላቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል «ጀልባዎቹ ወደ ዳር መጡ» ብለው ነበር፤ አንዱ ወረቀት ግን «ጀልባዎቹ ገቡ» ይላል። ክፍሉ ዝም አለ፤ ከዚያም ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ይህን የጻፈው ቤት ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ነው» አለ። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማናት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያን ጊዜ ቀስ ብላ ተነሣች፦ «አባቴ አሣ አጥማጅ ነው። ጀልባው ካልገባ እማዬ ቡና አታፈላም።» ለሃያ ዓመት ሳስተምር አንድ ግስ ይህን ያህል ሲናገር አልሰማሁም። የአሣ አጥማጅ ልጅ መሆኗን እኔም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ያልተሳካልንም አለ። ወደ ወንዶ ገነት ያቀድነው ሁለተኛ ጉዞ በትራንስፖርት እጦት ቀርቷል፤ ጥቂት አባላትም የማጠናከሪያ ትምህርት ከስብሰባችን ጋር ስለተጋጨባቸው ትተውናል። ከመጻሕፍቱ ቤተ መጻሕፍታችን ያለው አንድ አንድ ቅጂ ብቻ በመሆኑ ምንባቦቹን በራሳችን ኪስ ፎቶ ኮፒ ስናስደርግ ከርመናል። ለስፖርት ክበባት ማሊያ መገዛቱ ተገቢ ነው፤ ለሚያነቡ ልጆች መጽሐፍ መግዛትም እንዲሁ ተገቢ መሆኑን ግን በግልጽ መናገር አለብኝ። ስለዚህ የወላጅ መምህር ኅብረት ለመጪው ዓመት ሃያ የግለ ታሪክ መጻሕፍት እንዲገዛልን፣ የስብሰባ ሰዓታችንም ከማጠናከሪያው ጋር እንዳይጋጭ ርእሰ መምህሩ እንዲያመቻቹልን እጠይቃለሁ። የተማሪዋ ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ተለጥፏል፤ ከመወሰናችሁ በፊት እንድታነቡት እጋብዛለሁ።