በቅሎ ልንገዛ ነው

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን፤ የጅማ ዝናብ ግን አልለቅ ብሎናል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክማ "አለህ?" "አለሁ" ተባብለን እንዘጋዋለን። ከጠፋፋንም ቆየን።

ታላቅ ወንድሜ በቅሎ ሊገዛ ነው። አትሳቅ! የጎማ ወረዳውን ማሳችንን አቀበት ታውቀዋለህ። ሞተር ሳይክል ሞከርን፤ በጋውን ጎበዝ ነበር። ጭቃው ሲመጣ ተሸካሚው ሰውየው ሆነ። እሸት ቡና ደግሞ ፋታ አይሰጥም። በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ ይቦካል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ቢሆን ይታገሥህ ነበር። አህያችን እንደሆነች ሁለት ጆንያ ሲጫንባት አቀበቱ መሀል ቀጥ ትላለች። በቅሎ ግን ኮቴዋ ጠንካራ ነው፤ የምትረግጠውንም መርጣ ነው የምትረግጠው።

ያስጨነቀን ዋጋዋ ነው። በቅሎ አትወልድ ነገር! ለአንዷ በቅሎ ባዝራ ፈረስና ድንጉላ አህያ ማገናኘት፣ አስራ አንድ ወር ገደማ መጠበቅ፣ ከዚያም ለጭነት እስክትደርስ ዓመታት መቀለብ አለ። ባለባዝራውም ፈረስ የማስወለዱን ዕድል ትቶ ነው። ቢያስወድድ አይፈረድበትም።

ድሮም ቢሆን የዚህ አገር ሀብት በጋማ ከብት ጀርባ ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ከጅማው ሂርማታ ገበያ የተነሣው ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ጊቤን ይሻገር ነበር። ባሪያው በእግሩ። የጊቤ ቆላ ደግሞ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ አለበት፤ ስንቱ ከብት እዚያ ቀርቷል።

እንግዲህ ጉዳዬ ከአባትህ፣ ከአባባ ጋር ነው። በቅሎ በማየት ማን ይደርስባቸዋል? ደላላው ስለ ስገሯ ሲለፈልፍ እሳቸው ዝም ብለው ከንፈሯን ገልጠው ጥርሷን ያያሉ። ኮቴዋን ያነሣሉ። ከዚያ "ኮርቻው ይውረድ" ይላሉ፤ መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ ቀስ አድርገው ያስኬዳሉ። የዳነ ገጣባ፣ ኮርቻና ጭነት ያቆሰለው ጀርባ፣ ላይ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚበቅለው። ግላሱን፣ የጌጥ ልብሷን፣ የሚያለብሱትም ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ጠባሳውን ይሸፍንላቸዋል።

ወንድሜ አንዲት ዳማ በቅሎ አይቷል። ጀርባዋ ንጹሕ ነው፣ ዕድሜዋም ገና ነው። ክፋቱ ደንባራ ናት። ባጃጅ ጥሩንባውን ሲነፋ አስፋልቱ መሀል ትሽከረከራለች፤ በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ማለት ይኼ ነው። ሻጩ "ገጠር ስትገባ ይለቃታል" ይላል። እኔ ሰውየውን አላመንኩትም፤ ወንድሜ ግን ልቡ ሄዷል።

አባባን ጠይቅልኝ፦ ድንባሬ በልምድ ይለቃል ወይስ አብሯት ይኖራል? ለጭነትስ ወንዱ ይሻላል ወይስ ሴቷ? ሻጩ የሚጠብቀን እስከ ሐሙስ ገበያ ነው፤ ስለዚህ መልሱን በስልክም ቢሆን ላክልኝ።

ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወዳጅህ፣ ከጅማ