የፈራን ሰው ውሃ ውስጥ አታጣድፉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ እስራኤል አገር ኤላት ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው የምሰራው፣ ቀይ ባህርን በየቀኑ እያየሁ ስድስት አመት ሙሉ ከጉልበቴ በላይ ገብቼ አላውቅም ነበር፣ ያደግኩት ጎንደር ገጠር ስለሆነ ክረምት ላይ ወንዝ ሰው ሲወስድ እያየን "ውሃ እንዳትጠጉ" እየተባልን ነው ያደግነው።

አምና ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ጋን ይዞ ባህር ውስጥ መጥለቅ፣ ልማር ብዬ ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው አሰልጣኝ በጣም አጣደፈኝ፣ ማስኬ (አይንና አፍንጫ የሚሸፍነው የመጥለቂያ መነጽር) ውስጥ ውሃ ሲገባ ደነገጥኩና ትንፋሼን ይዤ ወደ ላይ ልሸሽ ስል እጄን ያዘኝ፣ ማታ እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም። ለካ ትንፋሽ ይዞ መውጣት ነው ትልቁ አደጋ፣ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ስለሆነ ስትወጣ የያዝከው አየር እየሰፋ ሳንባህን ሊቀደው ይችላል። ይሄን መጀመሪያ ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ምን ነበረበት?

ሌላ ቦታ ያገኘኋት አሰልጣኝ ግን ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ አንበርክካ ማስኬን ውሃ እየሞላሁ እንዳወጣ ብቻ አሰራችኝ፣ ላይኛውን ጠርዝ ጫን፣ ቀና በል፣ በአፍንጫህ ቀስ ብለህ አስወጣ፣ በቃ ውሃው ይሄዳል። ደጋግመን ደጋግመን ሰራነው። አተነፋፈሴ ረጅም ሲሆን ልቤም አብሮ ተረጋጋ።

እባካችሁ ስለዚህ ነገር ጻፉልን፣ በተለይ ወላጆች ልጆቻቸውን ዋና እንዲያስተምሩ። የኔ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ትጀምራለች።

አንባቢያችሁ ከኤላት