ኢኮኖሚክሱን እንዳትተዪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአጎትሽ ልጅ ለዒድ ጅማ መጥቶ አንድ ነገር ነገረኝና እንቅልፍ አጣሁ። ኢኮኖሚክሱ ከብዷት ድሮፕ ልታደርገው ነው አለኝ። እሱን እንዳትቆጪው፤ ጨቅጭቄ ያናገርኩት እኔ ነኝ።

ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ልማር ስትዪ አባትሽ "ምን ሥራ አለው?" ሲል ካንቺ ጎን ቆሜያለሁ። ዛሬም እቆማለሁ። ኢኮኖሚክሱን ግን እንዳትተዪው።

አያትሽን ታውቂዋለሽ። የ1994ቱን ግን አልደረስሽበትም። አጋሮ ላይ የቡና ዋጋ ወደቀ ስልሽ ዝም ብሎ መውደቅ አይደለም። ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡና፣ ሸጦ የለቃሚ ክፍያ እንኳን አልሸፈነም። አንድ ቀን ማለዳ ገጀራውን ይዞ ወጣና አባቱ የተከላቸውን ቡናዎች ቆረጠ፤ ጫት ሊተክልበት። ሲጨርስ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። እጁ ላይ የቅጠሉ ወዝ ነበር። "ምን አጥፍተን ነው?" አለኝ። ከቤቱ የተማርኩት እኔ ነበርኩ፤ አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ። የምመልስለት ጠፋኝ። እሱም ምክንያቱን ሳያውቅ ሞተ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኋላ ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ቡና አምራችና ገዢ አገሮች ስምምነት ነበራቸው። ዋጋ እንዳይወድቅ እያንዳንዱ አገር የሚልከው በኮታ ነበር። በ1989 መስማማት አቃታቸውና ኮታው ቀረ። ከዚያ ቬትናም በገፍ ተከለች፣ ብራዚልም አበዛች። በ2001፣ በእኛው 1994 መሆኑ ነው፣ ኒውዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። አባቴ ምንም አላጠፋም ነበር፣ ልጄ። ይህን የሚነግረው ሰው ነው ያጣው።

ትንሽ ሆነሽ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስንወስድሽ አስጎብኚውን በጥያቄ ፋታ ትነሺው ነበር። ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት ማትረፋቸው በጣም ገርሞሽ ነበር። ግብሩ ከየት መጣ? የጅማው ትልቁ ገበያ፣ ሂርማታ፣ ሀብታም ስለነበረ ነው። ፖለቲካውን ብቻ ብታጠኚ ግማሹን ነው የምታውቂው።

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አልገዛም ብሎ ሕግ አውጥቷል። ማሳው የት እንዳለ በጂፒኤስ ይመዘገባል። አጎትሽ "ማሳዬን የሚለኩት ሊወስዱብኝ ነው?" ብሎ መጣ። የማውቀውን ነገርኩት፤ አላመነኝም። "ልጄ ክረምት ስትመጣ ታስረዳሃለች" ብዬዋለሁ። ስለዚህ ኢኮኖሚክሱን እንዳትተዪው።

ግራፉ ካስቸገረሽ አስጠኚ ያዢ። ብሩን በቴሌብር ልኬልሻለሁ፤ ለጫማ እንዳታደርጊው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሶና ማር አለ። የማሩ ክዳን ላላ ብሏል፣ ከልብስሽ ጋር እንዳታስቀምጪው። ከስተሻል ደግሞ አሉ። ቁርስ ሳትበዪ ክፍል አትግቢ፣ የኔ እናት።

ነገ ጠዋት አስተማሪሽ ቢሮ ሂጂና ያልገባሽን ጠይቂ። ሰኞ እሄዳለሁ እንዳትዪኝ። ስትጨርሺ ደውዪልኝ፤ ከመግሪብ በኋላ ቤት ነኝ።

እናትሽ
ከጅማ